እጁን ያወጣውን ሰው ጻፉት፦ አብዮት ወደ አምባገነንነት ሲዞር የሚያሳይ ተውኔት እንዴት ይጻፋል?

ከጠርሙሱ አትጀምሩ። መጀመሪያ የምለው ይሄንን ነው።

ስለ አብዮቱ ተውኔት ጽፈው እንዳነብላቸው ከሚያመጡልኝ ወጣቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከአንድ ትዕይንት ነው። ሚያዝያ 1969፣ አብዮት አደባባይ፣ የደርጉ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለማርያም ሕዝብ ፊት ቆሞ ደም የሚመስል ነገር የሞላበትን ጠርሙስ መሬት ላይ ይከሰክሳል። ነገሩ እውነት ነው፣ ተደርጓል። ግን እዚያ ላይ ከጀመራችሁ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ክፉው ማን እንደሆነ አውቆ ጨረሰ። ክፉውን ካወቀ ደግሞ ራሱን አይፈትሽም፤ "እነሱ ናቸው" ብሎ ጣቱን ቀስሮ፣ በጊዜ ወጥቶ ታክሲውን ይይዛል።

እኔ የምመኘው ተውኔት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ገቢር ተመልካቹ ከልቡ ያጨብጭብ። በሁለተኛው ያጨበጨበበትን እጁን ይየው።

ይህን ለማድረግ አንድ ነገር ማመን አለባችሁ። እኛ አገር አምባገነንነት በር ሰብሮ አልገባም። በስብሰባ ነው የገባው። "ደርግ" ማለት እኮ ኮሚቴ ማለት ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 አራተኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ተቋቋመ፣ አባላቱ 120 ገደማ ነበሩ፣ ከየጦር ክፍሉ ተወክለው የመጡ፣ ማዕረጋቸውም ከሻለቃ የማይበልጥ ሰዎች። አንድ ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው የሆነው ቀስ በቀስ፣ በአጀንዳ፣ በቃለ ጉባኤ፣ እጅ እየወጣ ነው። እና የምትጽፉት ያንን እጅ ነው። ዙፋኑን ተዉት።

መጀመሪያ ውደዱት

ጪሰኛ ምን እንደነበር ካልገባችሁ አብዮቱ አይገባችሁም። አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ ካመረተው ላይ ሲሶውን፣ አንዳንዱ ቦታ ግማሹን ለባለመሬቱ የሚያስረክብ፣ ባለመሬቱ በቃኸኝ ካለው ደግሞ ልጆቹን ይዞ የሚነቀል ሰው ነው። በየካቲት 1957 ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው ፓርላማ ፊት ሲወጡ ከመሃላቸው የባለመሬት ልጆች ነበሩ። የአባታቸውን መሬት ለጪሰኛው ስጡት እያሉ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ልቤ ይሞቃል፤ የእናንተም ካልሞቀ ቁጭ ብላችሁ እስኪሞቅ አንብቡ።

ከዚያ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነገሩ ሲሸፋፈን፣ በየካቲት 1966 ነዳጅ ሲወደድ ታክሲዎች ሲቆሙ፣ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ ወታደሩ በየካምፑ አለቆቹን ሲይዝ፣ የካቲት ሳያልቅ ካቢኔው ሲወርድ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ የነበረ ሰው ተስፋ ባያደርግ ነበር የሚገርመው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ የደሃው የቤት ኪራይም ቀነሰ። ያኔ ያጨበጨበ ሰው ሞኝ አልነበረም።

ስለዚህ ልምምድ አለኝ ለእናንተ። ከገጸ ባህሪያችሁ አንዱን ምረጡ፣ ኋላ ላይ ብዙ ጥፋት የሚሠራውን ቢሆን ይመረጣል፣ እና አብዮቱን ለምን እንደሚወድ አንድ ገጽ ሙሉ እንዲናገር አድርጉት። ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። መልስ ከሰጣችሁት ገና ነው፣ እንደገና ጻፉት። መልስ ስታጡ ብቻ የመጀመሪያው ገቢር ተጀመረ።

በእግራችሁ ሂዱ

መቼቱን ከመጽሐፍ ብቻ አትውሰዱ። የዚህ ታሪክ ትልልቁ ነገር የተፈጸመው በእግር በሚዳረስ ቦታ ውስጥ ነው፣ ያ ራሱ ድራማ ነው። ከስድስት ኪሎ ጀምሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ የንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ወደ አራት ኪሎ ውረዱ፣ ፓርላማው እዚያ ነው። ሥላሴ ካቴድራል ግቡ። በኅዳር 1967 የተገደሉት ባለሥልጣናት መታሰቢያ እዚያ ነው፣ ንጉሡም የተቀበሩት እዚያው ነው፤ አጽማቸው እዚያ የደረሰው ግን በ1993 ነው። ከዚያ ታላቁን ቤተ መንግሥት ይዛችሁ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ፣ ያኔ አብዮት አደባባይ ወደተባለው። ካልቆማችሁ ከአራት ኪሎ አደባባዩ ድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ግን ቁሙ።

በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ አሁን አንድነት ፓርክ በተባለው፣ ታስረው የነበሩት ሚኒስትሮች የተቀመጡበት ምድር ቤት አለ። ከላይ አዳራሽ፣ ከታች እስር ቤት። እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ጥር 26 ቀን 1969 የደርጉ ሊቀመንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከሌሎች አባላት ጋር የተገደሉት፣ በገዛ ጓዶቻቸው። ደረጃውን ስትወርዱ ቁጠሩት። መድረክ ላይ ላይና ታች ያለው ንድፍ ከዚያ ይመጣላችኋል።

ከአደባባዩ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ደጁ ላይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ውስጡ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ፎቶ ነው፣ ብዙዎቹ የተማሪ መታወቂያ ፎቶ የሚመስሉ፣ አፍሮ ያበጠሩ፣ ሰፊ ኮሌታ ያላቸው ልጆች። ለመጻፍ የሚገባ ሰው አንድ ፊት መርጦ አሥር ደቂቃ ይቁምበት እላለሁ። አሥሩን አትዩ። አንዱን።

ከርቸሌ የለም። ስልሳ ያህል ሰዎች በአንድ ሌሊት የተረሸኑበት ወህኒ ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ አለ። ከተማችን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የምትፈርሰው፣ የፒያሳ ብዙው ክፍል በ2016 እንዴት እንደሄደ አይታችኋል። የምታዩት ሳይጠፋ እዩት፣ የጠፋውንም ቦታው ላይ ቆማችሁ ጻፉት።

የአጠራሩን ነገር ያዙ

አማርኛ ለዚህ ዓይነት ተውኔት የሰጠንን ስጦታ ብዙ ጸሐፊ አይጠቀምበትም። አንድ ሰው ሌላውን የሚጠራበት መንገድ ሲለወጥ ሥልጣን ሲተላለፍ እናያለን፣ ማንም ማብራራት የለበትም።

እንዲህ አስቡት። አንድ ልጅ ጎረቤቱን "እትዬ፣ እርስዎ" እያለ ያደገ ነው። እንጀራዋን በልቷል፣ ከልጇ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። አብዮቱ መጣ፣ ሁሉም "ጓድ" ሆነ። መጀመሪያ ሲላት ሁለቱም ይስቃሉ፤ "ጓድ እትዬ!" ይላታል፣ እሷም ትከሻውን ትመታዋለች። ደስ ይላል፣ እኩልነት ነው። በሁለተኛው ገቢር እሱ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው፣ እሷ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች፣ ልጇ ሦስት ቀን ቤት አልመጣም። "ልጄ" ትለዋለች። እሱ ቀና ሳይል "ጓድ፣ ወረፋሽን ጠብቂ" ይላታል።

"ሽ"ን ሰማችኋት? አዳራሹ ይሰማታል። አንድ ፊደል ነች፣ ከማንኛውም ጩኸት በላይ ትሠራለች።

ሌላው የዘመኑ ቃል ነው። ከ1966 እስከ 1970 ያለውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ገብታችሁ አገላብጡ፣ እና ቃላቱ እንዴት እንደሚወፍሩ በደብተር ያዙ። "ያለ ምንም ደም፣ ኢትዮጵያ ትቅደም" ተብሎ ነው የተጀመረው። ከዚያ "አድኃሪ" መጣ፣ "ፀረ ሕዝብ"፣ "አናርኪስት"። ከዚያ "አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት"። "ተገደለ" አይልም፣ እርምጃ ነው። "ነፃ እርምጃ" ደግሞ አለ፣ ያለ ፍርድ ግደል ማለት ነው፣ "ነፃ" የምትለዋን ቆንጆ ቃል ይዘው። ገጸ ባህሪያችሁ ገና በመጀመሪያው ገቢር ከነዚህ ቃላት አንዱን እየፈራ እንዲለው አድርጉ። በመጨረሻው ዳቦ ሲቆርስ ይበለው።

"አብዮት ልጆቿን በላች" የምትለዋን ግን ከተውኔቱ አውጡልኝ። አብዮት አፍ የላትም። የበላው ሰው ነው፣ ስም ያለው፣ ፊርማ ያለው።

ስብሰባው

የተውኔቱ ልብ እዚህ ነው፣ ጊዜ ስጡት።

ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ቅዳሜ። ደርጉ ተሰበሰበ፣ የታሰሩት ባለሥልጣናት ጉዳይ ቀረበ፣ ሞት ተወሰነ። ፍርድ ቤት አልነበረም። የሚያሳዝነው የተበደለውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራው ላይ ነበር፣ ትንሽ ቢታገሱ ሕግ ሊናገር ይችል ነበር። በዚያች ሌሊት ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከብዙ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ጋር ተረሸኑ። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀመንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም ያን ቀን ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። በማግሥቱ ሬዲዮ ነገሩን "ፖለቲካዊ ውሳኔ" አለው። "ያለ ምንም ደም" ከተባለ አምስት ወር አልሞላም።

ይህን ትዕይንት ስትጽፉ ታሪካዊ ሰዎቹን እንዳሉ መድረክ ላይ ማውጣት ግድ አይደለም። እኔ ብጽፈው፣ የእኔ ፈጠራ መሆኑን ልብ በሉልኝ፣ ስም የሌላቸው ሰባት ሰዎች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣለሁ። ሻይ ቀርቦ ቀዝቅዟል። አንዱ ስም ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። የመጀመሪያው ስም የሚጠላ ሰው ነው፣ ረሃቡን ከደበቁት አንዱ፣ እና ተመልካቹም እንዲጠላው አድርጌያለሁ። ሰባት እጅ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ አንዱ "ይሄስ ምን አደረገ?" ይላል፣ "ሚኒስትር ነበር" ይሉታል፣ ያወጣል። ስድስተኛው ላይ የሚጠራው ስም ከሰባቱ አንዱን ያስተማረው ሰው ነው፣ ደብተር የገዛለት። ያ ሰው እጁን አያወጣም። ሌሎቹ አይቆጡትም። ዝም ብለው ይጠብቁታል። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንስቶ ቁጥሩን ሳይጽፍ ይጠብቃል። የሻይ ብርጭቆ ድምፅ። ከዚያ እጁ ከጠረጴዛው ላይ በክርኑ ይነሳል፣ ግማሽ፣ እስከ ጆሮው ድረስ፣ እና ጸሐፊው "ሰባት" ብሎ ይጽፋል።

ከስድስተኛው በኋላ ያሉትን ስሞች በፍጥነት አንብቧቸው። ማንም ቀና አይልም። እጅ ይወጣል፣ ይወርዳል።

አንድም ጩኸት አያስፈልግም። ተዋናዮቻችሁ መጮህ ይፈልጋሉ፣ አውቃለሁ፣ አትፍቀዱላቸው።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻም አይደለም። የፈረንሳይ አብዮት መሪ የነበረው ሮቤስፒየር በ1791፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የሞት ቅጣት ከሕግ ይውጣ ብሎ ምክር ቤት ፊት የተከራከረ ሰው ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላው በሽብሩ ዘመን ብዙ ሰው ጊሎቲን በተባለው አንገት መቁረጫ ስር አለፈ፣ እሱም በ1794 ሐምሌ ራሱን እዚያው አጣ። እዚያም ያዘዘው ኮሚቴ ነበር፣ ስሙም የሕዝብ ደህንነት ኮሚቴ። ይህን የምነግራችሁ ገጸ ባህሪያችሁን ለመቅረጽ ነው፦ ገዳይ የሚሆነው ሰው ከመጀመሪያው ገዳይ አልነበረም፣ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚራራው ሊሆን ይችላል።

ወንድማማቾቹን አትዝለሏቸው

ብዙ ረቂቅ ውስጥ ያለው ሁለት ወገን ብቻ ነው፣ ወታደርና ተማሪ። እውነቱ ከዚያ ይከፋል። ኢሕአፓም (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) መኢሶንም (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) የአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ ልጆች ናቸው፣ አንድ መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ ሰልፍ የወጡ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ፣ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ አለ። በጋዜጣ ተከራከሩ፣ "ዴሞክራሲያ" በአንድ በኩል፣ "የሰፊው ሕዝብ ድምፅ" በሌላ በኩል። ከዚያ ክርክሩ ወደ ጥይት ዞረ። ከተማ ውስጥ ኢሕአፓ ሰው ገደለ፣ ቀበሌው ታጠቀ፣ በመጋቢት 1969 አሰሳው ቤት ለቤት ገባ። መኢሶንም ነሐሴ ላይ ከደርግ ተጣልቶ ጫካና ጓዳ ገባ፣ የሚታደነው ተራ እሱ ሆነ።

ሁለቱን ወገን ሁለት ጓደኛሞች አድርጓቸው። ወይም እህትና ወንድም። የገደለውም የሞተውም አንድ መሶብ ላይ የበሉ ይሁኑ። ማን ጀመረ የሚለውን ክርክር ግን መድረክ ላይ አትፍረዱት፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች ዛሬም ይጣሉበታል፣ አዳራሹ ውስጥ የሁለቱም ቤተሰብ አለ። ሥልጣንና እስር ቤት የነበረው ግን ማን እጅ እንደሆነ አትሸፍኑ። ፍርድ ቤት ዓመታት ፈጅቶ ምስክር ሰምቶ በ1999 የደርጉን መሪዎች በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ሥልጣኑ በማን እጅ እንደነበረ አከራካሪ ነገር አይደለም።

እናቶች ጋ ስትሄዱ

ያዩትን ሰዎች ታገኛላችሁ፣ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ገና አሉ፣ ግን እያረጁ ነው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ዳቦ ወይ ቡና ያዙ። ድምፅ መቅጃውን ቶሎ አታውጡ። የመጀመሪያውን ቀን ስለ ሰፈሩ አውሩ። የሰዎቹን ስም ተውኔቱ ውስጥ አታስገቡ፣ ቢፈቅዱም እንኳ፤ ጎረቤቱ፣ የበደለው ሰው ልጅ፣ እዚያው መንደር ይኖራል።

"ምን ተሰማዎት?" አትበሉ። ይሄ ጥያቄ ሰውን ያደክማል፣ የምታገኙትም መልስ የሁሉም ሰው መልስ ነው። "ምን ለብሶ ነበር?" በሉ። አንዲት እናት ይህን ጠይቄያቸው ብዙ ዝም አሉና "ሹራቡ እርጥብ ነበር" አሉኝ። ጠዋት አጥበውት፣ ገመድ ላይ ነበር፣ ሲወስዱት ሌላ ስላልነበረው ሳይደርቅ ለብሶት ሄደ። "ብርድ መትቶት ይሆን እያልኩ ሳስብ አደርኩ" አሉኝ። ሊገድሉት ይችላሉ ብለው አላሰቡም፤ ያሳሰባቸው ብርዱ ነበር።

ያንን ማንም ጸሐፊ ከራሱ አያመጣውም። እንደዚህ ያለ ነገር ስታገኙ አታስጊጡት። መድረኩ ላይ ገመድ ዘርጉ፣ ሹራብ ስቀሉበት፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይበል፣ በቃ።

ለቅሶው የተከለከለበትን ዘመን ነው የምትጽፉት። እናት ልጇ መንገድ ላይ ወድቆ አይታ እንዳላየች ያለፈችበት፣ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀበት። እዚህ ላይ ደም አታሳዩ። ቀይ መብራትም ተዉት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት አስቀምጡ፣ ጎረቤት ሲገባ "ሽንኩርቱ ነው" ትበል።

ሲዘጋጅ

ብር የላችሁም፣ አያስፈልግምም። አንድ ጠረጴዛ ይበቃል። በመጀመሪያው ገቢር የውይይት ክበብ ጠረጴዛ ነው፣ መጽሐፍና ቆሎ አለበት። ከዚያ የስብሰባ ይሆናል። ከዚያ የቀበሌ፣ ማኅተም ያለበት። ከዚያ ሰው የሚጋደምበት። ጠረጴዛውን ተዋናዮቹ ራሳቸው ያንቀሳቅሱት፣ መጋረጃ ሳይዘጋ፣ ተመልካቹ እያየ።

ማኅተሙን እውነተኛ የእንጨት እጀታ ያለው ፈልጉ፣ ድምፁ የተለየ ነው። መጀመሪያ የምትመታው የቤት ኪራይ የተቀነሰለት ሰው ወረቀት ላይ ትሁን፣ ሰውዬው ማኅተሙን ይሳመው። ያንኑ ድምፅ በኋላ ስም ዝርዝር ላይ ስንሰማው ማንም ሳይነግረን ይገባናል።

ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት አይለፍ። መሪውን፣ ያንን አንድ ሰው፣ ጨርሶ ባታሳዩት ደስ ይለኛል። ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በየትዕይንቱ ትልቅ እየሆነ ይምጣ፣ በመጨረሻ በሩን ይሸፍነው።

መጨረሻውንም በ1983 ግንቦት አታድርጉት፣ ሊቀመንበሩ በአውሮፕላን ሄደ፣ የሌኒን ሐውልት ወረደ፣ ሁሉም ተገላገለ ብላችሁ። ያ መጨረሻ ተመልካቹን ነፃ ያወጣዋል። እኔ በ1971 ነው የምጨርሰው። መሠረተ ትምህርት ተጀምሯል፣ ያም የአብዮቱ እውነተኛ መልካም ሥራ ነው፣ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረውበታል። እናትየዋ ማታ ማታ ቀበሌው አዳራሽ ትማራለች፣ ልጇ ታስሮ በነበረበት ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ። አስተማሪዋ ወጣት ነች፣ ምንም አታውቅም። "ዛሬ የፈለጋችሁትን ስም ጻፉ" ትላቸዋለች። እናትየዋ ጠመኔውን ይዛ ሰሌዳው ጋ ትሄዳለች፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ትጽፋለች፣ ሁለተኛዋ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር በር ላይ ቆሟል። ያየዋል። ታየዋለች።

"እትዬ" ይላታል።

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ እንዳለ መብራቱን አጥፉት።